ስለ ማረጥ፤ በቆላ ሙቀት ውስጥ ስለሚደበቀው የሰውነት ለውጥ

በዚህ ሳምንት በግድግዳ ጋዜጣችን የምናነሣው ጉዳይ በምግብ አዳራሻችን ጮክ ተብሎ የማይወራ ነው። አንዳንድ ወንድ እጩ መምህራን ርእሱን አይተው ፈገግ ብለው ሊያልፉ እንደሚችሉም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ ወይም ወደ ገንዳ ውኃ የሚመደብ ሁሉ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ከሚያገኛቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው። የራሳችንም እናቶች ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። ከሴት መምህራኖቻችንም መካከል «እኛስ?» የሚሉ አይጠፉም።

አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው የወር አበባዋ ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። ነገሩ ግን በአንድ ቀን አይመጣም። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት እንቁልጢ የሚባሉት ሁለቱ ዕጢዎች ሥራቸው ይዛባል፤ ኤስትሮጂን የተባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ በመጨረሻ ይቀንሳል፤ የወር አበባውም አንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል። በነዚህ የመሸጋገሪያ ዓመታት እርግዝና ሊመጣ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው። ታዲያ ተፈጥሮ ከሆነ ለምን እንጽፋለን?

ወደ ቆላው እንውረድ። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ፣ ሰሊጡ በሚታጨድበት ወራት፣ ወባው ይበረታል። እንግዲህ በገንዳ ውኃ ገበያ ሻይ የምትሸጥ አንዲት የ47 ዓመት እናት እናስብ። ሌሊት ከእንቅልፏ ትባንናለች። ከደረቷ ተነሥቶ ወደ ፊቷ የሚወጣ፣ እንደ እሳት ወላፈን ያለ ሙቀት ይሰማታል፤ ልቧ ይመታል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ይበርዳታል። ጎረቤት ምን ትላለች? «ወባ ነው።» ባልስ? «ሙቀቱ ነው እንጂ! ማን ያላላበው አለ?» ሁለቱም መልሶች በቆላ አገር ያሳምናሉ፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። እሷም ካምና የተረፈ የወባ ክኒን ፈልጋ ትውጣለች፤ ይሻላታልም። ወላፈኑ ክኒን ቢዋጥም ባይዋጥም በጥቂት ደቂቃ የሚያልፍ ነውና። በማግሥቱ ሌሊት ይመለሳል።

ልዩነቱ ይታወቃል። ወላፈኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ በቴርሞሜትር ቢለካ የሰውነት ሙቀት እንደ ወባ ትኩሳት ሽቅብ አይወጣም። የወባ ትኩሳት ለሰዓታት ይቆያል፤ ማንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይከተሉታል። ሆኖም ማንም በግምት «ይህስ ማረጥ ነው» ብሎ ወባን እንዳያሳልፍ አደራ እንላለን። በመተማ ትኩሳት የተሰማው ሰው ጣቱን ተወግቶ ደሙን መመርመር አለበት። ምርመራው ወባ የለም ሲል ነው ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው፤ «የወር አበባዎ እንዴት ነው?» የሚለው። እዚህም ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚወስዱት፣ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ መርፌ የምትወስድ ሴት አበባዋ ስለቀረ ብቻ አረጥሁ ማለት አትችልም።

ወላፈኑ ከየት ይመጣል? በአንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የተባለ፣ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ክፍል አለ። በደኅናው ጊዜ ትንሽ ሙቀት ሲጨመር ዝም ብሎ ያሳልፋል። ኤስትሮጂን ሲቀንስ ግን ድመት ባለፈች ቁጥር ፊሽካ እንደሚነፋ የቀበሌ ጥበቃ ይሆናል። ጥቂት ሙቀት በተሰማው ቁጥር የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያዛል። ትኩስ ሻይ ወይም የታፈነ ክፍል ይህን ጥበቃ ሊያስደነግጠው ይችላል።

ከወላፈኑ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ድምፅ የሌለው ለውጥ ነው። ኤስትሮጂን ብዙ ሥራ አለው። የሴት ስብ በዳሌና በጭን ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርገው እርሱ ነው። እርሱ ሲቀንስ ስቡ ወደ ሆድ ዕቃ፣ ወደ አንጀትና ወደ ጉበት ዙሪያ ይዛወራል። ክብደት መጨመሩ ራሱ በአብዛኛው የዕድሜና የእንቅስቃሴ ማነስ ውጤት ነው፤ የስቡ ቦታ መቀየር ግን ከማረጥ ጋር የተያያዘ ነው። በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ስብ ደግሞ ኢንሱሊንን ያሰንፋል። ኢንሱሊን የሴሎችን በር ለስኳር የሚከፍት ቁልፍ ነው ብለን በክፍል ውስጥ እናስተምራለን። ቁልፉ ሲደነዝ ቆሽት ብዙ ቁልፍ ለመሥራት ይጣደፋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይደክማል፤ የስኳር በሽታ በዚህ መንገድ ይገባል። ጉበትም ክፉውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ የሚለቅምበት ኃይል ይቀንሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ3000 በላይ ሴቶችን ዓመት ከዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ይህ ኮሌስትሮል ጎልቶ የሚጨምረው የመጨረሻው የወር አበባ በሚታይበት ዓመት አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። በወላፈኑ ምክንያት እንቅልፍ ማጣትም የስኳሩን ነገር ያባብሰዋል። አጥንትም በዚሁ ዘመን ይሳሳል፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

«የቆላ ሴት ቀጭን ናት፤ ይህ የከተማ ወፍራሞች ጣጣ ነው» የሚል ሰው ሰምተናል። ስሕተት ነው። ክንዷ ቀጭን ሆኖ ሆዷ የገፋ ሴትም ይህ አደጋ አለባት። ኑሮውም ተቀይሯል። ትናንት ሰሊጥ ስታርም የዋለች ሴት ዛሬ በከተማ ከሻይ ጀበናዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ትውላለች። በድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በጋላባት፣ ሻይ ሲቀዳ ስኳር አይሰሰትም። እስቲ እንደ መምህር እናስላው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 12 ግራም ያህል ነው። በቀን ስድስት ብርጭቆ የምትጠጣ 72 ግራም ወሰደች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሻይ ይቅር አንልም፤ ኧረ መተማ ላይ ሻይ ይቅር ብሎ ማን ይሰማል! ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ መውረድ ግን ይቻላል። ማሽላው እንጀራ ላይ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ማብዛት፣ ሳይሞቅ በጧት በፍጥነት መራመድ ወጪ የለውም።

ወጪ ባይኖረውም መለካት ግን ያስፈልጋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም ይህን አያውቁም ነበር። ግፊት 140 በ90 ከደረሰ፣ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም ከሆነ ሐኪም ማነጋገር ይገባል። ወላፈኑ ለበረታባትም ሕክምና አለ። የሆርሞን መድኃኒት ለአንዳንዷ ይስማማል፣ ለአንዳንዷ አይስማማም፤ ሐኪም ሳያያት ከገበያ የሚገዛ ነገር አይደለም። አንዲት ሴት ካረጠች በኋላ ደም ዳግመኛ ቢታያት «አበባዬ ተመለሰ» ብላ እንዳትደሰት፤ የማኅፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ትመርመር።

ለቀለል ያለው መለኪያ ሲባጎ ይበቃል። ከራስ ጫፍ እስከ ተረከዝ ቁመትን ለክቶ መቁረጥ፣ ከዚያ ሁለት እጥፍ አድርጎ በወገብ ዙሪያ፣ በእምብርት አካባቢ፣ ማዞር ነው። የታጠፈው ሲባጎ ጫፎች ካልተገናኙ ሆድ ከሚገባው በላይ ይዟል ማለት ነው። ለወንድም ይሠራል። አንድ ጥቅልል ሲባጎ ከዚህ ጋዜጣ ሥር በምስማር ላይ ሰቅለናል፤ መቀሱን የወሰደ ሰው ይመልስልን።