በሰኞ ገበያ የታየው ለስላሳ እንቁላል

ደሴ ደርሶ ሰኞ ገበያን ሳያይ የተመለሰ እንግዳ ከተማዪቱን አየሁ ለማለት አይደፍርም። እኛም አንድ ሰኞ ጧት በገበያው ስንዘዋወር እግራችን ከእንቁላል ሻጮች ተራ አደረሰን። በዚያ ተራ እንቁላሉ በጭድ ተጎዝጉዞለት በቅርጫት ይቀመጣል። ገዢው አንድ አንዱን እያነሣ ወደ ፀሐይ ያይበታል፤ በጆሮውም አጠገብ ነቅነቅ አድርጎ ያዳምጠዋል። ይኸን ምርመራ ያልተማረ ሰው ልማድ ነው ብለን ልንንቀው አይገባንም፤ በዘመናዊ የዶሮ እርባታ ጣቢያም እንቁላል የሚመረመረው ብርሃን እየበራበት ነውና።

የዚያን ዕለት ግን ሰዉን ያሰባሰበው ሌላ ነገር ነበር። ከኮምቦልቻ በታች፣ ከቃሉ ወገን የመጣ አንድ ጎረምሳ በጨርቅ የጠቀለላቸውን አራት እንቁላሎች ለአንዲት ባልቴት ሻጭ ያሳያል። እንቁላሎቹ ሞላላ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ቅርፊታቸውም ሲነካ እንደ ብራና ለስለስ ብሎ ይሰረጉዳል። ጎረምሳው አሮጌ የፍግ ክምር ሲያገላብጥ ስድስት ሆነው እንዳገኛቸው፣ በውሃ አጥቦ ለታቀፈች ዶሮው እንደጨመረላት፣ በሳምንቱም ሁለቱ ተጨማደው እንደጠፉበት ተናገረ።

የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። አንዱ «አውራ ዶሮ የጣለው ነው» አለ። ሌላው «ደግ ምልክት አይደለምና እሳት ይግባ» አለ። ባልቴቷ ግን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ «አብሽር ልጄ፤ የኔም ዶሮ አንዳንዴ ቅርፊቱ ያልጠና እንቁላል ትጥላለች። የዶሮ እንቁላል ግን አንድ ወገኑ ሾጠጥ ይላል፤ የዚህ ሁለቱም ጫፉ እኩል ነው። ይህ የእባብ ነው» አሉ። ጎረምሳው እጁን ሰበሰበ።

የባልቴቷን ፍርድ ሳይንስም ይደግፈዋል። ዶሮ ለስላሳ እንቁላል ብትጥል ነገሩ ጉድለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመኖዋ ውስጥ ካልሲየም ማነሱን ያመለክታል። የእባብ እንቁላል ለስላሳነት ግን ተፈጥሮው ነው። ቅርፊቱ በአብዛኛው ከፕሮቲን ክሮች የተሠራ ሲሆን ካልሲየሙ ከላይ እንደ ስስ ልባስ ብቻ ነው።

ከዚህ ልዩነት የተነሣ አጠባበቁ ሁሉ ይለያያል። የዶሮ እንቁላል የሚበቃውን ውሃ በውስጡ ይዞ ስለሚወጣ፣ በሚታቀፍበት 21 ቀን ውስጥ ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የእባብ እንቁላል ደግሞ ከአፈሩ እርጥበት እየመጠጠ ያብጣል፤ ይከብዳልም። ደረቅ ስፍራ ቢያስቀምጡት ይጨማደዳል። ዶሮ እንቁላሏን ደጋግማ ታገላብጣለች፤ ባታገላብጥ ፅንሱ ከቅርፊቱ ተጣብቆ ይበላሻል። የእባብ ፅንስ ግን ገና ከጧቱ ከላይኛው ወገን ተጣብቆ በዚያው ስለሚያድግ፣ መገላበጡ ሊገድለው ይችላል። የዶሮ እንቁላል 38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለዘንዶ እንቁላል ግን ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ይበቃዋል። እንግዲህ ጎረምሳው ለደግነት ያደረገው ሁሉ፣ ማጠቡም ማስታቀፉም፣ ለእንቁላሎቹ መከራ ነበር ማለት ነው።

በእንስሳት ማቆያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የእባብ እንቁላል ሲያነሡ የላይኛውን ወገን በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል፤ የተጣበቁትንም አይለያዩም። አንዳንዴ ካልሲየሙ የሳሳበት፣ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ስፍራ በቅርፊቱ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለውን እንቁላል ተበላሽቷል ብለው አይጥሉትም፤ ውሃ ቶሎ ስለሚያመልጠው እርጥበቱን ይጠብቁለታል እንጂ።

አብዛኞቹ እባቦች እንቁላላቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ዘንዶ ግን ተጠምጥማ ትጠብቃለች። የህንድ ዘንዶ እንቁላሏን ታሞቃለች የሚለውን ወሬ የአውሮፓ ሊቃውንት በመጀመሪያ አላመኑም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ቫለንሲየን የተባለ ሊቅ በፓሪስ ዘንዶዪቱን በቴርሞሜትር ሲለካት ከአካባቢዋ አየር ይልቅ ሞቃ አገኛት። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሙቀቱ ጡንቻዋን በማንቀጥቀጥ የሚገኝ መሆኑን አስረዱ።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ሳይመረመር የኖረ ወሬ አለ። ፊሳልጎስ የተባለው የግእዝ መጽሐፍ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ይላል። እውነቱ ግን፣ በአገራችን የምትታወቀው እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿ በሆዷ ውስጥ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው አድገው በሕይወት ይወለዳሉ። እናቲቱም አትሞትም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን እንዲህ ያለ እንቁላል ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ይውሰደው ማለታችን አይደለም። እንቁላል የሚጥሉት እባቦች ሁሉ መርዝ የሌላቸው አይደሉም፤ በአገራችን የሚገኘው የግብፅ ኮብራ እንቁላል ይጥላል፤ ጫጩቱም ገና ከቅርፊቱ ሲወጣ መርዝ አለው። ስለዚህ የሚሻለው ሳይነኩ ልጆችን ከስፍራው ማራቅ ነው። ጎረምሳው በመጨረሻ፣ «እኔስ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ደግማ ሠርተሃል፤ ሳትጠይቅ ሠራህ እንጂ» አሉት ባልቴቷ።

ይህ ቃል በተለይ እኛን ከትምህርት ቤት ወጥተን ሥራ የያዝነውን ወጣቶች የሚነካ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች ናት። በአንደኛዋ ጋቢ የሚያስለብሰው ማታ በሌላዪቱ ደጅ ያስቀምጣል። ለአንዱ ስፍራ የበጀውን ደንብ አንሥተን ለሌላው ስናስታቅፍ፣ ልባችን ቅን ቢሆንም እንኳ የምናጨማድደው ብዙ ነው። አስቀድመን ቅርፊቱን እንመልከት፤ ባለ አገሩንም እንጠይቅ።