ጭምትና አዛኝ ተማሪ፦ ጠባዩን መረዳትና በክፍል ውስጥ ተገቢውን ቦታ መስጠት

መግቢያ

የማስተማር ሥራ ዕውቀትን ከማስተላለፍ ሌላ የተማሪውን ጠባይ ለይቶ በዚያው መጠን መምራትን የሚጠይቅ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ክፍሎች የመምህሩን ዓይን ቀድሞ የሚስበው እጁን የሚያወጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚመልስ፣ በጎም ሆነ ክፉ ራሱን የሚያሳይ ተማሪ ነው። ከዳር ተቀምጦ በጥሞና የሚያዳምጠው፣ ለጓደኛው ደብተሩን የሚያውሰውና የታመመውን ወደ ቤቱ የሚሸኘው ተማሪ ግን ስሙ እንኳ በሚገባ ሳይታወቅ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ልዩነት ከክፍል ውጭም ይታያል። በነሐሴ ወር፣ በአሸንዳ ሰሞን፣ በመቐለ ከተማ ሮማናት አደባባይ ቆሞ ልጃገረዶችን ለሚመለከት ሰው ከበሮ እየመታች ዘፈን የምታወጣው ወዲያው ትታየዋለች። የታናሽ እኅቷን እጅ ይዛ፣ የደከመችውን እየጠበቀች ከዳር የምትከተለው ግን ልብ ብሎ ካልፈለጋት አትታየውም። ሁለቱም የበዓሉ እኩል ተካፋዮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛዋን ዓይነት ጠባይ ምንነት ማስረዳት፣ ከሌሎች የዝምታ ዓይነቶች መለየትና ከመምህሩ የሚጠበቀውን ማመልከት ነው።

1. የቃላቱ ትርጉም

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ጠባይ «ጭምት» የሚል ቃል አለው። ጭምት ሰው አንደበቱን የገታ፣ ነገርን በልቡ የሚያመላልስ፣ ሳያስብ የማይናገር ነው። ቃሉ ነቀፋ የለበትም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ለምስጋና ይነገራል። «ዓይን አፋር» ግን ሌላ ነው። ዓይን አፋር መናገር እየፈለገ የሰው ፊት የሚያስፈራው ሲሆን፣ ጭምት ግን ሳይፈራም ዝምታን ይመርጣል። «ኩርፍተኛ» ደግሞ ዝምታውን ለቂም መግለጫ የሚያደርግ ነው። ሦስቱንም «ዝምተኛ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ለመምህር የሚጠቅም አከፋፈል አይደለም።

ስለ ዝምታ ያለው የሕዝብ አስተያየትም አንድ ወጥ አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዝምታን ሲያመሰግን፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ዝም ያለ ሰው የሚያጣውን ያስጠነቅቃል። ጭምት ተማሪ የሚያድገው በእነዚህ በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ነው።

2. የሥነ ልቡና ጥናት የሚለው

ሰዎችን ወደ ውስጥ ያተኮሩና ወደ ውጭ ያተኮሩ ብሎ የመክፈሉን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የስዊስ ተወላጁ የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ሲሆን፣ ይህንን ያቀረበበት ስለ ሥነ ልቡናዊ ዓይነቶች የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ዩንግ አገላለጽ ልዩነቱ የሰውየው ትኩረትና ኃይል በይበልጥ የሚያመራው ወደ ውስጣዊ ሐሳቡ ነው ወይስ በዙሪያው ወዳሉት ሰዎችና ነገሮች ከሚለው ላይ ነው። ዩንግ ማንኛውም ሰው ሁለቱንም ዝንባሌዎች ይዞ እንደሚገኝም አመልክቷል።

ይህንን ሐሳብ መሠረት አድርገው ካትሪን ብሪግስና ልጅዋ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የጠባይ መጠይቅ አዘጋጁ። መጠይቁ አራት ጥንድ ዝንባሌዎችን እያጣመረ ሰዎችን በ16 ዓይነቶች ይመድባል። ከእነዚህም አንዱ ወደ ውስጥ ያተኮረ፣ በሚታይና በሚጨበጥ ነገር የሚመራ፣ ሲወስን የሰውን ስሜት የሚያስቀድምና ሥርዓትን የሚወድ ነው ተብሎ ይገለጻል። ይህ ዓይነት በተለምዶ «ጠባቂ» ወይም «ተንከባካቢ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ገለጻው ብዙ ሰው ራሱን የሚያይበት መስታወት በመሆኑ ተወዳጅነትን አትርፏል።

ሆኖም መጠይቁ ከባድ ትችት ቀርቦበታል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ያንኑ መጠይቅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና የሚሞሉ ብዙ ሰዎች በሌላ ዓይነት ውስጥ ይመደባሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ የሰው ጠባይ እንደ ቁመት ቀስ በቀስ የሚበልጥና የሚያንስ እንጂ በሁለት ሣጥን የሚከፈል አይደለም፤ አብዛኛው ሰውም ከመካከል አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ በተመራማሪዎች ዘንድ በይበልጥ የሚሠራበት ጠባይን በአምስት ዋና ዋና መለኪያዎች የሚመዝነው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ከሰው ጋር የመቀላቀል ዝንባሌ አንድ መለኪያ ሲሆን፣ ርኅራኄና ለሰው መታዘዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ መለኪያ ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ጭምትነትና አዛኝነት በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ቢችሉም አንዱ የሌላው ውጤት አለመሆኑን ነው። ጭምት ሆኖ ግዴለሽ፣ ተጫዋች ሆኖ አዛኝ የሆነ ሰው ሞልቷል።

ጭምትነት በከፊል ከተፈጥሮ የሚመነጭ መሆኑም ተጠንቷል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጄሮም ኬገን የመራው ጥናት የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅና አዲስ ነገር እያቀረበ ሲመለከት፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል እጅና እግሩን እያወራጨ በኃይል የሚረበሽ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፍ ሲሉ ለአዲስ ሰውና ለአዲስ ቦታ ጠንቃቆች ሆነዋል። ሁሉም ግን አልሆኑም፤ አስተዳደግ የተፈጥሮን ዝንባሌ ያለዝባል፣ ያጠነክራልም።

3. በትምህርት ቤት የሚታዩ ምልክቶች

ጭምትና አዛኝ ተማሪ በአብዛኛው በሚከተሉት ጠባዮች ይታወቃል።

ሀ/ ከመመለሱ በፊት ያስባል። መምህሩ ጥያቄውን ጨርሶ መልሱን ሲጠባበቅ እርሱ ገና ሐሳቡን በማደራጀት ላይ ነው።

ለ/ ብዙ ወዳጅ ሳይሆን ጥቂትና ጽኑ ወዳጅ አለው። ከእነርሱ ጋር ሲሆን ይጫወታል፣ ይስቃል።

ሐ/ የሌላውን ችግር ሳይነገረው ያስተውላል፤ ረድቶም አይናገርም። በአደባባይ ሲመሰገን ደስታው ከኀፍረት ጋር ይደባለቅበታል።

መ/ «አይሆንም» ማለት ይቸግረዋል። በቡድን ሥራ የሌሎቹን ድርሻ ሳይቀር ይሠራል፤ ውጤቱን ለክፍሉ የሚያቀርበውና የሚመሰገነው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው።

ሠ/ ከረዥም የጫጫታ ቀን በኋላ ለብቻው መሆን ያሳርፈዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን ማዕከል ያደረገ አቀራረብንና ተከታታይ ምዘናን ካስፋፋ ወዲህ የቡድን ውይይትና የክፍል ተሳትፎ ከፍ ያለ ቦታ አግኝተዋል። የዚህ ጥቅም አያጠያይቅም። ነገር ግን ተሳትፎ የሚለካው በንግግር ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ከላይ የተገለጸው ተማሪ በዕውቀቱ ሳይሆን በጠባዩ ነጥብ ይቀነስበታል።

በሴት ልጆች ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ልጃገረድ ዝም እንድትልና ታናናሾቿን እንድትንከባከብ ስለሚጠበቅባት፣ «ጭምት ናት» ተብላ የምትመሰገነው ልጅ በጠባይዋ ጭምት ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ደግሞ የመናገር ዕድል ያልተሰጣት ልትሆን ትችላለች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተናጋሪ የነበረው ተማሪ ጭምት መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

4. ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም

ይህ መለየት ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በትግራይ ትምህርት ቤቶች አስፈላጊ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በቅጡ ሳይከፈቱ በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ማለት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ሕፃናት ወላጅ፣ ወንድም፣ ቤትና ቀዬ አጥተዋል። በመቐለ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ትምህርት እንደገና ሲጀመር ወደ ክፍል የተመለሰው ተማሪ ከመዘጋቱ በፊት የነበረው ያው ልጅ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ መምህር በፊቱ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ልጅ ሲመለከት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ይህ ዝምታ የዚህ ልጅ ጠባይ ነውን ወይስ የደረሰበት ጉዳት?» ብሎ ነው። ዋናው መለያ ለውጥ ነው። ጭምት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጭምት ነው፤ ከወዳጁ ጋር ይጫወታል፣ በሚወደው ነገር ይደሰታል፣ ሥራውን ያከናውናል። በጉዳት ምክንያት ዝም ያለ ልጅ ግን ቀድሞ የሚወደውን ጨዋታ ይተዋል፤ ከቅርብ ወዳጁም ይርቃል፤ በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል፤ በእንቅልፍ እጦት ወይም በቅዠት ምክንያት በክፍል ያንቀላፋል፤ ሐሳቡ ይበተናል። እንዲህ ያለው ልጅ «ጨዋ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። ምልክቶቹ ከወር በላይ ከዘለቁ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር መነጋገር፣ ወደ ጤና ባለሙያም እንዲቀርብ ማድረግ ያስፈልጋል።

በተፈጥሮው አዛኝ የሆነው ልጅም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። በችግር ጊዜ ታናናሾቹን ያበላ፣ ያዘነች እናቱን ያጽናና ልጅ የሁሉ ደጋፊ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው አያገኝም። እርሱም ሸክም ላለመሆን ሲል ሐዘኑን ይደብቃል። ስለዚህ የማያስቸግር ተማሪ ችግር የለበትም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

5. ከመምህሩ የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ከጥያቄ በኋላ መታገሥ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት መምህራን ከጥያቄ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ጊዜው ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም የተማሪዎች መልስ ረዝሟል፤ ቀድሞ የማይመልሱትም መመለስ ጀምረዋል። ይህ ዘዴ ገንዘብም ሆነ መሣሪያ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ለብቻ ማሰብን ከውይይት ማስቀደም። ተማሪው በመጀመሪያ ለብቻው ያስባል፣ ቀጥሎ ከአንድ ጓደኛው ጋር ይነጋገራል፣ በመጨረሻ ለክፍሉ ያቀርባል። ይህ አካሄድ ለአገሩ ባህል እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከጫጫታ ርቆ፣ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ብቸኝነቱ የትምህርቱ ክፍል ነበር እንጂ እንደ ስንፍና አልተቆጠረም።

ሦስተኛ፣ ተሳትፎን በልዩ ልዩ መንገድ መመዘን። በጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት፣ ለጓደኛ የተደረገ ርዳታና በቡድን ሥራ የተወጣ ድርሻ እንደ ንግግር ሁሉ ሊቆጠሩ ይገባል።

አራተኛ፣ ለብቻ ማነጋገር። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ በአደባባይ ከሚደረግ ጭብጨባ ይልቅ በደብተሩ ጠርዝ የተጻፈ አንድ መስመር ይበልጥበታል።

አምስተኛ፣ መናገርንና እንቢ ማለትን ማስተማር። ጭምትነትን ማክበር ማለት ተማሪውን በዝምታው መተው አይደለም። በመጀመሪያ በጥቂቶች ፊት፣ አስቀድሞ ተነግሮት፣ ቀስ በቀስም በብዙዎች ፊት እንዲናገር ማለማመድ ይገባል። መርዳት በጎ መሆኑን፣ የሌላውን ሥራ መሸከም ግን ግዴታው አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ጭምትና አዛኝ ጠባይ ሊታከም የሚገባው ሕመም ወይም ሊታረም የሚገባው ጉድለት አይደለም። በታማሚ አልጋ አጠገብ፣ በመማሪያ ክፍልና በቤተሰብ ውስጥ ሳይነገርለት ብዙ ሥራ የሚሠራው ይህ ጠባይ ነው። ይሁንና ዝምታ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የፍርሃት፣ የቋንቋ ችግር፣ የአስተዳደግ ጫና ወይም የከባድ ሐዘን መግለጫም ሊሆን ስለሚችል፣ መምህሩ አንዱን ከሌላው ለመለየት ልጁን ማወቅ አለበት። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ በየክፍሉ ስማቸው ዘወትር የማይጠራውን ተማሪዎች ለይቶ፣ በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ለብቻ ማነጋገር ነው።