መኪናዋ አልሞተችም፤ ዳገት ላይ ናት

«ሞተሩ አልቋል። ፖምፓውም ወርዶ መሠራት አለበት።»

አጎቴ ይህን ፍርድ ከአንድ ጋራዥ ይዘው ሲመለሱ ፊታቸው ከመኪናቸው ጭስ በላይ ጠቁሮ ነበር። መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው ያላት፤ ቱርቦ የላትም። የገዟት ባሕር ዳር ላይ ነው። ከሻጩና ከደላላው ጋር ሆነው ባዶዋን በሜዳ አስፋልት ሲሞክሯት ምንም አልጎደላትም። ደብረ ታቦር ገብታ ድንች ሲጫንባት ግን ነገሩ ተቀየረ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጡት አትስብም። ትጮኻለች፣ ታጨሳለች፣ አትሄድም።

የዓመታት ቁጠባቸው ነው። ለጥገና የተጠየቁት ደግሞ የአንድ ወቅት የድንች ገቢያቸውን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። «አታለውኛል፣ በኪሳራም ቢሆን እሸጣታለሁ» ሲሉ «ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ» አልኳቸው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ጥገና ሳይሆን ቁማር ነው።

መጀመሪያ ተራራውን ተጠያቂ አድርጉ

ወረታ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይበልጥ ከፍታ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ዓለም በርን አልፋችሁ ደብረ ታቦር ስትደርሱ 2,700 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ወደ ጋይንት ከቀጠላችሁ ነፋስ መውጫ ላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋላችሁ። ስሟ ነፋስ መውጫ ቢሆንም ለሞተር የሚሆነው አየር እዚያ የባሰ ይሳሳል።

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል ላይ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው የአጎቴ ሞተር ደብረ ታቦር ላይ የሚቀረው ወደ 65 ነው። ይህን ስነግራቸው «እና 25ቱን ፈረስ ማን ሰረቀኝ?» አሉ። ጉና ነዋ!

ጥቁሩ ጭስም በከፊል የዚሁ ውጤት ነው። የድሮ ፖምፓ አየሩ እንደሳሳ አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ናፍጣ ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል በጭስ መልክ ይወጣል። ቱርቦ ያላቸው፣ ለምሳሌ ዲ ፎር ዲ የሚባሉት ሃይሉክሶች፣ አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳቸውም። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ደጋ ላይ ድንገት ጉልበት ካጣች ከተራራው በፊት የቱርቦውን ቱቦዎች ተመልከቱ። ቱቦ ከተሰነጠቀ ስትረግጡ የሚያፏጭ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጭሱም ይጠቁራል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ተራራ ከወር ወር አይቀያየርም። ባለፈው ወር በዚያው ጭነት የወጣችውን ዳገት ዛሬ ካልወጣች ጥፋቱ የከፍታው አይደለም።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዳገት መረጥን። አጎቴ ነዱ፤ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በሦስተኛ ማርሽ ከ30 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ አማካዩ 19 ሰከንድ ሆነ። ይህ ቁጥር የቀኑ ዳኛችን ነበር። «ትንሽ የተሻለች መሰለኝ» የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ሰከንዱ ቀንሷል ወይ አልቀነሰም። እናንተም ስትሞክሩ ያው መንገድ፣ ያው ጭነት፣ ያው ማርሽ ይሁን። ባዶ መንገድ ምረጡ፤ ስልኩን የሚይዘውም ሾፌሩ አይሁን።

ከዚያ ምንም ወይም ጥቂት ብር ከሚያስወጣው ጀመርን።

የአየር ፊልትሮ፦ አውጥተን ወደ ፀሐይ ስናነሣው ብርሃን አላሳልፍ አለ። በበጋ የገጠር ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚነዳ መኪና አቧራ ይጠጣል። ቀየርነው፤ 17 ሰከንድ። (ለሙከራ ብላችሁ ያለ ፊልትሮ አቧራ ላይ አትንዱ፤ ሞተሩን ትበሉታላችሁ።)

የነዳጅ ፊልትሮ፦ ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገትና ጭነት ላይ የምትደክም፣ ጋብ ሲያደርጓት ደግሞ የምታገግም መኪና ብዙ ጊዜ ናፍጣ እየተጠማች ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የሚገዛው ናፍጣ ውሃና ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተን ትንሽ ውሃ አወጣን። ፊልትሮውንም ቀየርነው። ሰከንዱ ግን እዚያው ነው።

ፍሬን፦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተን ቆምንና እጃችንን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋን (አትንኩት፣ ያቃጥላል)። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢግል ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል ማለት ነው፤ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ራሷን እየጎተተች ነው። የእኛ እኩል ነበሩ።

ፍሪሲዮን፦ በከፍተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጉልበቱ አለ፤ ጎማ ጋ አይደርስም። የእኛ ደህና ነው።

በመጨረሻ ያደረግነው ነገር መጀመሪያ መደረግ ነበረበት። ሞተሩን አጠፋን፤ አጎቴ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ረገጡ፤ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ፖምፓው ላይ ያለችውን ማንሻ አየሁ። ገመዱ ረግቦ ስለነበር ማንሻዋ መንገዷን ሳትጨርስ ትቆማለች። በእጄ ስገፋት ገና ብዙ ትሄዳለች። ማለትም አጎቴ ሙሉ በሙሉ ሲረግጡ ፖምፓው የሚሰማው «ግማሽ ምናምን» ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ባዶ መኪና ለመንዳት ይህ ይበቃል። ለደብረ ታቦር ዳገት ግን አይበቃም።

በመፍቻ የገመዱን ማስተካከያ አጠበቅን። ደቂቃዎች ወሰደ፤ ዋጋው ዜሮ። ተመልሰን ዳገቱ ላይ ለካን፤ 12 ሰከንድ።

አጎቴ መኪናዋን አቁመው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ይህችን ብሎን ሳያዩ ነው ሞተሯን የቀበሯት?»

ስልካችሁ ምን ያህል ይረዳል?

ብዙ ሰው «በብሉቱዝ የሚሰካ መመርመሪያ ገዝቼ በአፕ አየዋለሁ» ይላል። ለአዳዲሶቹ ጥሩ ነው፤ የስህተት ኮድ ያነባል። 3ኤልን የመሰለ በኮምፒውተር የማይታዘዝ ሞተር ግን የሚያወራው ነገር የለውም። ዲ ፎር ዲዎቹ ውስጥም ከርካሹ መሣሪያ ጋር የማይግባቡ አሉ። ለሁሉም የሚሠራው የስልኩ ካሜራ ነው። ስትረግጡ የሚወጣውን ጭስ ከኋላ ሆኖ የሚቀርጽ ጓደኛ ያዙ። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ነዳጅ በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከታዩ ያኔ መካኒኩ ስለ ሞተር ቢያወራ ስሙት።

የሎሚ ገበያ

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስላገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጥናት ጽፎ ነበር። «ሎሚ» በአሜሪካኖች አነጋገር እንከኗ የተደበቀ መኪና ናት። ሻጭ እንከኑን ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ ሁሉንም ይጠራጠራል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰውም ተገቢውን ዋጋ ስለማያገኝ ከገበያው ይወጣል። በዚህ ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተጋርቷል።

የአጎቴ ታሪክ ግን ትንሽ ይለያል። ደውለው ሲጠይቁ ሻጩ መኪናዋን ከተማ ውስጥ ብቻ ይነዳት እንደነበር ነገራቸው። ሙሉ ነዳጅ ረግጦ ስለማያውቅ ገመዱ መርገቡን እሱም አላወቀም። ማንም አልዋሸም። መረጃው ግን ማንም ጋ አልነበረም፤ ያ ክፍተት ደግሞ አጎቴን አንድ መኪና ሊያሳጣቸው ነበር።

ዛሬ ይህ ስህተት ከድሮው ይከብዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በሙሉ ተወዷል። ያለችንን አሮጌ ፒካፕ አውቆ መያዝ የግድ ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱና ጠዋት ሲነሣ እዩት። ሜዳ ላይ ብቻ አትሞክሩ፤ ሦስት አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት አውጡት። ፔዳሉን አስረግጣችሁ ኮፈኑ ውስጥ ተመልከቱ። የምታሳዩት መካኒክ ሻጩ ወይም ደላላው የመረጠው ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁት ይሁን። ከገዛችሁ በኋላም «ሞተር ይውረድ» የሚላችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «በምን ለክተህ አወቅክ?»

ይህ አገር ዳገትና ሸክም አዲሱ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴቫስቶፖል መድፍ የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየጠረጉ መቅደላ ድረስ ሲጎትቱት ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። የአጎቴ ሃይሉክስም ቢሆን ባሕር ዳር ላይ እንደነበረችው አትሆንም፤ ጉና የወሰደውን አይመልስም። አሁን ጥቂት ጆንያ ቀንሰው ይጭናሉ፤ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳሉ። ፖምፓው አልወረደም። ድንቹ ገበያ ይደርሳል።