አንድ ጂንስ ሱሪ፣ አምስት መምህር

በአሜሪካ ኮሌጅ ሜካኒካል ምህንድስና የምትማር ልጅ ከሜጀሯ ጎን «የአሜሪካ ጥናት» የሚባል ማይነር ልትይዝ ትችላለች። እንደየኮሌጁ ቢለያይም ማይነሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ነው። መግቢያ ኮርስና የማጠቃለያ ሴሚናር አለው፤ የቀረውን ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከፊልም ወይም ከሙዚቃ ክፍል ለቃቅማ ትሞላለች። ብዙ ቦታ የራሱ ሕንፃ ቀርቶ የራሱ ቋሚ መምህር እንኳ የለውም፤ ከየክፍሉ በተውሶ የሚቆም ትምህርት ነው።

እንዲህ ተበታትኖ ምን ያስተምራል? አንድ ጂንስ ሱሪ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ። ጄኮብ ዴቪስ ከሪጋ ተሰዶ በኔቫዳዋ ሬኖ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። የጉልበት ሠራተኞች ሱሪ ቶሎ እየተቀደደ ቢያስቸግር የኪሱን ጠርዝ በትንንሽ የመዳብ ሚስማር ይመታው ጀመር። ጨርቅ የሚሸጥለት የሳን ፍራንሲስኮው ነጋዴ ሌቪ ስትራውስ፣ እሱም ከባቫሪያ የመጣ ስደተኛ፣ አብሮት ገባና በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 1873 ፓተንቱን አወጡ። የሕግ መምህሩ እዚህ ላይ ይቆማል። የኢኮኖሚ ታሪክ መምህሯ ግን ጨርቁን ይዛ ጥጡን ማን እንደለቀመው ትጠይቃለች፤ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና ስምንት ዓመቱ ነበርና። የስደት ታሪክ የሚያስተምረው ደግሞ በ1882 ኮንግረስ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ መከልከሉን ያነሳል፤ ስደተኛ የመሠረተው ይኸው ኩባንያ ከዚያ በኋላ ሱሪው በነጭ ሠራተኛ የተሠራ መሆኑን እያስተዋወቀ ይሸጥ ነበር። የፊልም መምህሩና የሶሲዮሎጂ መምህሯ የማዕድን ቆፋሪው ሱሪ በ1950ዎቹ እንዴት የአመፀኛ ወጣት መለያ እንደሆነ ይከራከራሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሃርቫርድ በአሜሪካ ሥልጣኔ ታሪክ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በ1937 ነው፤ የመስኩ ምሁራን ማኅበርም በ1951 ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ምሁራን አሜሪካ አንድ መንፈስ አላት ብለው ያንን ሲፈልጉ ያገኙት በአብዛኛው የኒው ኢንግላንድን ነጭ ወንድ ጸሐፊዎች ነበር፤ ፍለጋው ከመነሻው መድረሻውን ያወቀ ይመስላል። ጥቁሮች፣ ሴቶች፣ ቀደምት ነዋሪዎችና ስደተኞች በቅጡ የገቡበት ከ1960ዎቹ የሲቪል መብትና የተማሪዎች ንቅናቄ ወዲህ ነው።

ድክመቱ አይደበቅም። ተማሪዋ ኮርሶቹን ለሰዓቷ እንደሚመቻት ብቻ ከመረጠች፣ ስለ ሁሉም ጥቂት ሰምታ ትወጣለች። ስለዚህ ከኮርሶቹ ዝርዝር ይልቅ የማጠቃለያ ሴሚናሩን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። የተለቀመው ሁሉ በአንድ ወረቀት የሚገናኘው እዚያ ነው።

ለዚያ ወረቀት ከሚበቁት ርእሶች አንዱ እኛንም ይነካል። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ባደገበት በዋሽንግተኑ የዩ ስትሪት የጥቁሮች ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ከፈቱ። በ2005 የአካባቢው አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ጥያቄ ሲነሳ ከጥቁር አሜሪካውያን ተቃውሞ ገጠመው። ጉዳዩ ውስጥ የ1980 የስደተኞች ሕግ አለ፣ የጃዝ ታሪክ አለ፣ የቤት ኪራይም አለ። ተማሪዋ የጋዜጣ ማኅደር ማገላበጥ፣ የድሮ ፎቶ ማየት፣ ነባሮቹንም ባለ ምግብ ቤቶቹንም ማነጋገር ይኖርባታል፤ አማርኛ ከቻለች ደግሞ ግማሹ ቃለ መጠይቅ ይቀልላታል።