በሁለት ቀጠሮ መካከል፦ ስልክ ለሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ምን ሊሠራ ይችላል?

እስቲ አንድ አባት አስቡ። ቤታቸው ጨንቻ ነው፤ የሳንባ ካንሰር ሕክምና ላይ ናቸው። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ከሁለት ወር በኋላ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከጨንቻ አርባ ምንጭ ለመውረድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ደግሞ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ድምፃቸው ሻከረ። «የደጋ ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» አሉ። በአምስተኛው ሳምንት ፊታቸው አበጥ አበጥ አለ። «ቀጠሮው ደርሷል እኮ፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ችግሩ የት እንዳለ አያችሁ? ሐኪሙ የሚያያቸው በቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። በመሐል ስላሉት 60 ቀናት ምንም አያውቅም። እኔ ያጠናሁት ምሕንድስና ነው፤ በእኛ ሙያ አንድን ማሽን በሁለት ወር አንዴ እያየ «እቆጣጠረዋለሁ» የሚል ሰው አይታመንም።

ሰውነት ቀድሞ ይናገራል

የድምፅ መሻከርና የፊት ማበጥ ከሳንባ ጋር ምን አገናኛቸው? ድምፅ የሚያወጡትን ጡንቻዎች ከሚያዙት ነርቮች አንዱ፣ የግራው፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ይወርድና በትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ ተመልሶ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ደረት ውስጥ ያደገ ዕጢ ይህን ነርቭ ከተጫነው ድምፅ ይለወጣል። ከጭንቅላትና ከክንድ ደም የሚመልሰው ትልቅ ደም ሥርም በደረት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ እሱ ሲጨነቅ ፊት ያብጣል። ይህ ደግሞ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ሳይሆን በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ምልክት ነው። እንግዲህ ወሬው ከሰውነት ወጥቷል፤ የጎደለው አድራሹ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ የተሞከረው

ፋብሪስ ዴኒ የተባለ ፈረንሳዊ የካንሰር ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሐሳብ ሞከሩት። 133 የሳንባ ካንሰር ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ እንደተለመደው በቀጠሮና በራጅ ምርመራ ተከታተሉ። የቀሩት በየሳምንቱ በኢንተርኔት አጭር ቅጽ ይሞሉ ነበር፦ ክብደት፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ሕመም፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ትኩሳት፣ የፊት ማበጥ፣ ከቆዳ ሥር የሚዳሰስ እብጠት፣ የድምፅ ለውጥ፣ ደም የቀላቀለ አክታ። መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ ለሐኪሙ ማንቂያ ይደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በተለመደው ክትትል ከነበሩት ግማሹ ከ14.9 ወር በላይ ሲኖሩ፣ ቅጽ ከሚሞሉት ግማሹ ከ22.5 ወር በላይ ኖረዋል። መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተጨመረው መረጃ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሽታው ሲመለስ ቶሎ ከተደረሰበት፣ ሰውዬው ቀጣዩን ሕክምና የሚሸከም አቅም ገና አለው። በእርግጥ 133 ሰው ብዙ አይደለም፤ የፈረንሳይ ሆስፒታልም የእኛ አይደለም። ግን ችላ የሚባል ውጤት አይደለም።

ውስጡ እንዴት ነው?

እንዲህ ያለ መተግበሪያ (አፕ) በሽታ አይመረምርም። ደንብ ነው ያለው፤ «ይህ ከሆነ፣ ያን አድርግ» የሚል። ደም ያለው አክታ ከመጣ ወዲያው ያሳውቃል። ክብደት ግን አንድ ቀን ቢቀንስ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ካለፉት ሳምንታት ጋር ያነጻጽራል። ደንቡ በጣም ስስ ከሆነ ነርሷ በየሰዓቱ ማንቂያ ይደርሳትና ትሰለቻለች። በጣም ደንዳና ከሆነ ደግሞ እውነተኛው አደጋ ያመልጣል። ከባዱ ሥራ ኮዱ ሳይሆን ይህን ልክ ማግኘት ነው።

ወደ ጋሞ ስናመጣው

መጀመሪያ፣ ሁሉም ሰው ስማርት ስልክ የለውም። አጭር መልእክት እንጠቀም ካልን የፊደል ጉዳይ ይመጣል። አንድ መልእክት 1120 ቢት ብቻ ይይዛል። የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል፤ የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ ነው። ትምህርት ቤት በላቲን የሚጻፈው ጋሞኛ በዚህ በኩል ቦታ አለው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ድምፅ ይሻላል። ገበሬዎች ወደ 8028 ደውለው በየቋንቋቸው ምክር ይሰማሉ፤ ቁጥር እየተጫኑ መልስ መስጠትም በዚሁ መንገድ ይቻላል። በቴሌብር *127# የለመድነው አሠራርም ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ራሱ። አንድ ጊዜ የሙከራ ቅጽ ይዤ አንዲት እናትን «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ማታ አላስተኛኝም፤ ይሄ ስንት ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ትክክለኛውን ጥያቄ እሳቸው ነገሩኝ፦ «ማታ ተኝተዋል?» ስለ ትንፋሽም ቢሆን «ፎቅ ሲወጡ ይደክምዎታል?» ማለት ለጨንቻ ሰው ትርጉም የለውም። «ከገበያ ሲመለሱ ስንቴ ያርፋሉ?» ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከፍታ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደጋ ላይ በጤነኛ ሰውም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሠራውን ልክ እንዳለ ብንገለብጠው ጨንቻ ላይ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

አራተኛ፣ ምስጢር። እኛ ዘንድ ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ልጅም ጎረቤትም ያነሳዋል። ቤተሰብ ሕመሙን ከታማሚው የሚደብቅበት ጊዜም አለ። ስለዚህ «ካንሰር» የሚል ቃል በድንገት ስክሪን ላይ ብቅ ሊል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ይህን ነገር የሕግ ጉዳይ አድርጎታል።

ማንቂያው ማን ጋ ይደርሳል?

ይህ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። አፑ ቢጮህና የሚሰማ ባይኖር፣ ሰውዬውን ሁለት ጊዜ ብቻውን ትተነዋል ማለት ነው። ደግነቱ ከዜሮ አንጀምርም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ ኢ-ቺስ የተባለውን የጤና ሚኒስቴር መተግበሪያ በታብሌት የሚጠቀሙም አሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃው ተቀምጦ በኋላ ይላካል። ማንቂያው መጀመሪያ እነሱ ጋ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ያለች ነርስ ጋ፣ ከዚያም ሐኪሙ ጋ ቢደርስ፣ የጨንቻው አባት በሦስተኛው ሳምንት «ነገ ይውረዱ» የሚል ስልክ ይደወልላቸዋል።

አፑ እስኪሠራ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ በየሳምንቱ አንድ ቀን ክብደቱን፣ እንቅልፉን፣ ድምፁን ደብተር ላይ መዝግቡ። የተለወጠ ነገር ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። የቲቢ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው ደግሞ «ሌላ ነገር ይሆን እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሁለቱ ምልክት ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።