ባዶ ብልቃጥ የሞላበት መድኃኒት ቤት

አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰችበት ዘመን በደቡብ ከተሞች መድኃኒት ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ጎራ ብሎ ላየ፣ መደርደሪያው ላይ ጥቂት ባዶ ብልቃጥ፣ ማበጠሪያና የፀጉር ቀለም ተደርድሯል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ ምንም ያልጎደለው ጎረምሳ ቆሟል። በሽተኛ አይጠብቅም። ሱቁን ያስከፈተው ሕጉ ነው።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1862 የተገንጣዩ የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ዋና ከተማ በነበረችው በሪችመንድ ነው። ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆነው ነጭ ወንድ ለሦስት ዓመት እንዲዘምት ያዝዛል። በ1864 የዕድሜው ክልል ከ17 እስከ 50 ደረሰ። አዋጁ በወጣ በአምስተኛው ቀን ግን ከዘመቻ የሚቀሩት ተዘረዘሩ፦ ሰባኪ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ቴሌግራፈኛ፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ 20 ተማሪ ያለው አስተማሪ። የማስተማር ፍቅርም በአንድ ጊዜ ብዙዎችን ያዘ።

ገንዘብ ያለው ምትክ ይገዛል። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ በሺህ የሚቆጠር የኮንፌዴሬሽን ዶላር ከፍሎ ሌላ ሰው ያዘምታል። ተሽጦ የገባው አንዳንዱ በሳምንቱ ከድቶ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደገና ይሸጣል። በ1864 መጀመሪያ ምትክ የገዛውም ራሱ ተጠራ፤ የከፈለው ገንዘብ ውሃ በላው። ከሁሉ ይልቅ ወታደሩን ያንገበገበው ግን የኦክቶበር 1862ቱ ማሻሻያ ነው፤ 20 ሰው በባርነት ለያዘ እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ እንዲቀር ፈቀደ። ባሪያ የሌለው ገበሬ የሚዘምተው ለማን ንብረት እንደሆነ ለመጠየቅ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልገውም ነበር።

ሪችመንድ ውስጥ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ አይቻልም ነበር። ምልምሉ ከከተማዋ ዳር ካለው የማሠልጠኛ ሰፈር፣ ካምፕ ሊ ይገባል፤ ከድቶ የተያዘው ካስል ተንደር ይታሰራል፤ ይህ የትንባሆ መጋዘን የነበረ እስር ቤት ነው። በትሬዴጋር የብረት ፋብሪካ መድፍ የሚሠራው ሠራተኛ እንኳ ከተማዋ ስትጠቃ መሣሪያ አንግቶ ይወጣል።

በ1864 መገባደጃ የሰሜኑ ጄኔራል የግራንት ጦር ከከተማዋ ደጃፍ ሲደርስ፣ እኛ አፈሳ የምንለው መጣ። ዘቦች መንገድ ላይ ያገኙትን ወንድ ሁሉ እያስቆሙ ያዙ። ከተያዙት መካከል የፖስታ ሚኒስትሩ ጆን ሬገንና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆርጅ ዴቪስ ነበሩ። እነሱ ማንነታቸው ሲታወቅ ተለቀቁ። በዚያ ሰሞን ከታፈሱት ብዙዎቹ ግን በቀጥታ ወደ ምሽግ ተነዱ።