በሁለት ልባስ መካከል የገባ ወረቀት

የቡና ስኒ የሚያብረቀርቀው በላዩ ላይ እንደ መስታወት የቀለጠ ልባስ (ግሌዝ) ስላለው ነው፤ ባህላዊው ጀበና ግን ግሌዝ የለውም። ስቶንዌር የሚባለው፣ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በእሳት የሚበስለው ጠንካራ ሸክላ ደግሞ አንዱን ግሌዝ በሌላው ላይ ለመደረብ ይመቻል።

በሶንግ ዘመን (እ.ኤ.አ. 960–1279) በደቡብ ቻይና የነበሩ የጂጆው ሸክላ ሠሪዎች በዚህ ተራቅቀውበታል። የሻይ ጽዋውን መጀመሪያ ብረት የበዛበት ጥቁር ግሌዝ ይቀቡታል። በወፍ ወይም በአበባ ቅርጽ የተቆረጠ ወረቀት ይለጥፉበትና አመድ የበዛበት ፈዘዝ ያለ ግሌዝ ይደርቡበታል። ወረቀቱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጥቁር ይገለጣል። እቶን ውስጥ የላይኛው ግሌዝ ከታችኛው ጋር እየተዋሃደ እንደ ኤሊ ጀርባ ይዝጎረጎራል፤ ወፉ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አንዳንዴም ወረቀቱን ትተው እውነተኛ ቅጠል ያኖሩ ነበር! ቅጠሉ ነድዶ ሲያልቅ የጅማቶቹ ምስል ጽዋው ላይ ይታተማል።

አደጋም አለው። የተደረቡ ግሌዞች ሲቀላቀሉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚቀልጡበት ባነሰ ሙቀት ቀልጠው ወደ ታች ሊፈስሱ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬም የዕቃው እግር ሳይቀባ ይተዋል፤ አለዚያ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ተጣብቆ ያለ መዶሻ አይላቀቅም።